ቤቱ ሰው ሞልቶ ብቻዋን እንዳትሆን

የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን በበዓል የሚከፋቸው ሰው ስላጡ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር የበዓል ቤት መቼ ሰው ያጣል! የሚከፋቸው ጫጫታው መሀል ተቀምጠው የሚሠሩት ሲያጡ፣ መጪው ሁሉ ጮክ ብሎ «ደህና ነሽ? ደህና ነሽ?» ብሎ ወደ ሌላው ጨዋታ ሲዞር ነው። እናቴን ስጦር የገባኝ ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

እናቴ ያደገችው ጫንጮ አካባቢ ነው። ወልዳ ከብዳ የኖረችው ጉለሌ፣ አሁን ያለችው ሱሉልታ እኔ ዘንድ። ወንድሜ ቡራዩ፣ እህቴ ሰበታ ናቸው። እኛ ሦስታችን ያለንባቸው ከተሞች በ2015 ሸገር ከተማ ተብለው አንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። በታክሲ ከሱሉልታ ሰበታ ለመድረስ ግን እንጦጦን ወርዶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ በአየር ጤናና በዓለም ገና መውጣት ነው። የቤት ኪራይ ያባረረው፣ ቤቱ ለልማት የፈረሰበት ቤተሰብ በእነዚህ ከተሞች ሞልቷል። ይዟቸው የወጣቸው አሮጊትና ሽማግሌዎች ደግሞ ከዕድራቸው፣ ከሰበካቸው፣ ከቡና ጎረቤታቸው ተነቅለዋል። ሕመሙ ባይኖርም እንኳ ከባድ ነው።

እናት መርሳት ስትጀምር «ጃጅታ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ አስመርምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በፈረንጆቹ 2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰው የመርሳት ሕመም ነበረበት። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መዛባትና ድብርት ግን መርሳት ያመጣሉ፤ እነሱ ይታከማሉ።

ከበዓሉ በፊት ወንድምና እህት ተቀምጦ መነጋገር አለበት። «ገናን እኔ ጋ፣ ፋሲካን አንቺ ጋ» የሚለው ክፍፍል ለልጆቹ ፍትሕ ይመስላል፤ ለእናት ግን ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ በማታውቀው ቤት ሌሊት ግድግዳ እየዳበሱ ማደር ነው። እናንተ ዙሩ እንጂ አሮጊቷን አታዙሯት። ሁላችሁም በአንድ ቀን አትምጡ። በፋሲካ አንዱ ለዋዜማ፣ አንዱ ለበዓሉ፣ አንዱ ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን። ከሁሉ የምመርጠው ዳግማይ ትንሣኤን ነው፤ እንግዳው ሁሉ ሄዶ፣ ቄጤማው ደርቆ፣ ቤቱ ጭር የሚለው ያኔ ነውና።

ስትገቡ «አወቅሽኝ? እስቲ ማን ነኝ?» የሚለውን ተዉት። ፈተና ነው፤ ስትወድቅ ደግሞ ሰው ሁሉ እያየ ነው። «እማዬ፣ ታናሹ ልጅሽ ነኝ፣ ከቡራዩ መጣሁ» ብሎ ጉልበት ስሞ አጠገቧ መቀመጥ ይቀላል።

ሥራ ስጧት። ይህን ደጋግሜ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። «አረፍ በይ እማዬ፣ አንቺማ ሠርተሽ ጨርሰሻል» የሚለው ደግነት ከማዕድ ቤት ያስወጣታል፤ ከማዕድ ቤት የወጣች የበዓል እናት ደግሞ ምን ቀራት? እናቴ የልጄን ስም ከረሳች ቆይታለች። ዶሮ ፊቷ ሲቀመጥ ግን እጇ ያውቃል፤ ፈረሰኛውን፣ መላላጫውን፣ ክንፉን እየለየች ከአሥራ ሁለቱ ብልት አንድም አታጎድልም። ቢላዋው ላይ ዓይኔን አልነቅልም እንጂ አልቀማትም። ከዚያ በሎሚና በጨው ማጠብ ትጀምራለች። አጥባ ትጨርሳለች፤ ትረሳዋለች፤ እንደገና ታጥባለች። እህቴ «ታጥቧል እኮ» ልትል አፏን ስትከፍት በዓይኔ ዝም አሰኛታለሁ። ዶሮ መቼስ ብዙ ታጠበ ተብሎ ተወቅሶ አያውቅም። ዶሮ ባይመቻት ሽንኩርት ትላጥ፣ እንቁላል ትላጥ፣ ቄጤማ ትጎዝጉዝ።

ቋንቋዋን ጠብቁ። እናቴ የልጅነት አፏ ኦሮምኛ ነው። ጉለሌ ሳለን ከገበያ በቀር ስትናገረው ብዙም አልሰማንም፤ ሕመሙ እየገፋ ሲመጣ ግን አማርኛዋ እየሳሳ፣ ኦሮምኛዋ እየጎላ ሄደ። በዚህ ሕመም ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ መድከሙ በብዙዎች ዘንድ ታይቷል። ወተት የምታመጣልን ጎረቤታችን ማለዳ በሩ ላይ «አካም ቡልተን፣ አኮ» (እንዴት አደሩ፣ አያቴ) ስትላት ፊቷ ይፈታል። ስለ ላሞች፣ ስለ ድርቆሽ ይጫወታሉ፤ እኔ ግማሹን አልሰማም። ከእኛ ቤት የሚሻላት ትምህርት ቤት ኦሮምኛ የተማረው ልጄ ነው። ስለዚህ በበዓል ቀን አጠገቧ የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር መጫወት ቀረብኝ ብሎ ያኮርፋል፣ ቢሆንም ይቀመጣል። ጎረቤቷም ለቡና ትጠራለች።

«አባትሽ የታል? ሳይመጣ ልንበላ ነው?» ትላለች እናቴ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። በጠየቀች ቁጥር ሞቱን መንገር በየበዓሉ አዲስ መርዶ ማርዳት ነው። «አሁን ይመጣል» ማለትም አይበጅም፤ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። «ናፈቀሽ? እሱ ከዶሮው የቱን ይወድ ነበር?» ስላት ማውራት ትጀምራለች። የምትለው ሁሉ እውነት መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ምን ቸገረኝ።

ቴሌቪዥኑን ቀንሱት። የበዓል ፕሮግራም ጭብጨባና ሳቅ ለእሷ ቤቱ ውስጥ የገባ የማታውቀው ሰው ነው። በሁዳዴ የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን በገና በዝግታ ስንከፍትላት ግን ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሲመሽ ግራ መጋባቷ ይብሳል፣ ስለዚህ ሳይጨልም መብራት አብሩ፤ የሱሉልታ መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ባትሪውን ሞልታችሁ አስቀምጡ። ጾሙ በሚፈታበት ሌሊት አታስነሷት፤ ጠዋት በብርሃን ትፍታ። የዶሮውን አጥንት አውጡላት፤ ጠላና ጠጅ ከመድኃኒቷ ጋር አይስማማ ይሆናል፣ ሐኪሟን ጠይቁ። ጾሙ ላይ እኔን አትሰማም፤ የነፍስ አባቷ «ለሕመምተኛ ተፈቅዷል» ሲሏት ትሰማለች።

በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተለወጠች፣ ካቃዣት፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ከተኛች፣ «በዓሉ አድክሟት ነው» አትበሉ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ ውሃ ማጣት አረጋዊን እንዲህ ያደርጋል። በዓሉ እስኪያልፍ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷት።

ስለ ራሴም ልናገር። ሠራተኛችን ለፋሲካ አገሯ ትገባለች፤ እውነት አላት፣ እሷም እናት አላት። ያኔ ጧሪው ማስቀደስም ይናፍቀዋል። ስልክ ደውሎ «እማዬን አደራ» ማለት ወጪ የለውም፤ ወንድሜ መጥቶ አንድ ሌሊት ሲያድርልኝ ነው የተረዳኝ የምለው። ሰው ለበዓል ቢኒያም በለጠ ወደመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያን ማዕከል ሄዶ ከአረጋውያን ጋር ማዕድ ሲቆርስ ደስ ይለኛል። ከአጥሩ ማዶ ያለችውን አሮጊትና የምትጦራትን ልጅ ግን ማን ያያል?

በመጨረሻ፣ ከድሮው ሰፈር አንድ ሰው አምጡ። አሥር ዘመድ ያልሠራውን የጉለሌዋ የቡና ጎረቤቷ ትሠራለች፤ ሁለቱ ስም ሳይጠራሩ የሟች ዕድርተኛ ሐሜት እያነሱ ሲስቁ ይውላሉ። ችግሩ እሷም አርጅታለች፤ በበዓል ሰሞን በታክሲ ግፊያ እንጦጦን አትወጣም። እኛ ለበጉ ስናዋጣ የእሷን መኪና ኪራይ፣ ደርሶ መልስ፣ እዚያው ላይ እንጨምራለን።