የጦና ንቦች እና ሁለቱ ደረቅ ቂጣዎች

መጋቢት 2010 ዓ.ም.፣ ካይሮ። ዛማሌክ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ዋንጫን አምስት ጊዜ ያነሳ ክለብ ነው። ከፊቱ የቆመው ወላይታ ድቻ ደግሞ ወደ ፕሪምየር ሊጉ ካደገ ገና አምስተኛ የውድድር ዘመኑ ነበር። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ ሄዷል፤ ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ድምሩ 3 ለ 3። ከዚያ መለያ ምት። 4 ለ 3። ድቻ አለፈ።

ያን ምሽት ሶዶ ላይ ቶሎ የተኛ ሰው ካለ ወይ ታማሚ ነው ወይ ኳስ የሚባል ነገር አይወድም።

በማግስቱ ግን አንድ ቃል መሰማት ጀመረ፤ «ዕድል ነው»። መለያ ምት በዕድል ይሸነፋል፣ በዕድል ይሸነፍለታል፤ እሺ። ግን ድቻ እዚያ የደረሰው በዕጣ አይደለም። በ2009 የኢትዮጵያ ዋንጫን አንስቶ ነው ለኮንፌዴሬሽን ካፕ የበቃው። መጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አሰናበተ። ከዛማሌክ በኋላም የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 ሲረታው፣ ሐዋሳ ላይ መልሶ 1 ለ 0 አሸነፈ። አልበቃውም፤ ጉዞው በአንዲት ጎል ልዩነት እዚያ ላይ አበቃ። በዕድል ብቻ እዚህ ድረስ የሚመጣ ቡድን የለም።

«እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይበቅልም» የሚል ፍርድ በሌላም አገር ተሰምቷል። ክሪኬት ለእኛ ሩቅ ጨዋታ ነው፤ ታሪኩ ግን ቅርብ ነው። ህንድ ለብዙ ዘመን የምትታወቀው ኳስን በጣታቸው እያሾሩ ቀስ አድርገው በሚወረውሩ ተጫዋቾች ነበር። በፍጥነት የሚወረውር፣ ተጋጣሚን የሚያስፈራ ሰው አልነበራትም። ሜዳው ደረቅና ቀርፋፋ ስለሆነ ፈጣን ወርዋሪን አያበረታታም ይባል ነበር። ህንዶች ራሳቸውም አምነውት ነበር። አንዳንዴ የመጀመሪያዎቹን ኳሶች ለይስሙላ ያህል ሱኒል ጋቫስካርን የመሰለ መቺ ይወረውርና ኳሱ ሲያረጅ ለአሽከርካሪዎቹ ይሰጥ ነበር።

ካፒል ዴቭ ታዳጊ ሳለ በአንድ የሥልጠና ካምፕ የተሰጠው ምሳ ሁለት ደረቅ ቂጣና ጥቂት አትክልት ነበር። «እኔ ፈጣን ወርዋሪ ነኝ፤ ይህ አይበቃኝም» ብሎ ተቤቱታ ቢያሰማ ኃላፊው ሳቁበት፤ ህንድ ውስጥ ፈጣን ወርዋሪ የሚባል የለም አሉት። ታሪኩን ራሱ ካፒል ደጋግሞ ተናግሮታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ፤ በ1983 አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫ አነሳ፤ ሲያቆም 434 የቴስት ዊኬት ነበረው፤ የዓለም ክብረ ወሰን።

አንድ ሰው ግን አገር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ የጎማ ፋብሪካ ማድራስ ውስጥ የፈጣን ወርዋሪዎች ማሠልጠኛ ከፈተና አውስትራሊያዊውን ዴኒስ ሊሊን አሠልጣኝ አድርጎ አመጣ። ቀጥሎ የመጡት ወርዋሪዎች ብዙዎቹ የትልቅ ከተማ ልጆች አልነበሩም። ዛሂር ካን ከሽሪራምፑር፣ ሙናፍ ፓቴል ከኢካር መንደር፣ ኡሜሽ ያዳቭ ከከሰል ማዕድን ሠራተኛ ቤት። ፍሬው የታየው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ በ2018/19 ህንድ አውስትራሊያን በገዛ ሜዳዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴስት ተከታታይ ጨዋታ አሸነፈች፤ ጃስፕሪት ቡምራህ ብቻውን 21 ዊኬት ወሰደ። ሠላሳ ዓመት! የእኛ ክለብ አመራር ሠላሳ ጨዋታም አይታገስም።

ወደ ሶዶ እንመለስ። ድቻ ዛማሌክን ያስተናገደው በሶዶ ሳይሆን በሐዋሳ ነው። ደጋፊው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩን ለብሶ በአውቶቡስ እየተጫነ ወረደ፤ የሐዋሳም ሰው አብሮ ጮኸ። ሦስት ወር አለፈ። ሰኔ 2010፣ በጨምበላላ ሰሞን፣ በዚያችው ሐዋሳ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሳ፤ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያ ጨዋታ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው ለአንድ ጎል የተቃቀፉ ሰዎች ሰኔ ላይ በየትኛው ሰፈር እንደነበሩ ማሰብ ያማል። ስለ ድቻ ሲወራ ይህ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መዘለል የለበትም፤ ያ ስታዲየም ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል።

ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ በጥቂት የተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ መካሄድ ጀመሩ። ለምስል ጥራት፣ ለገንዘብ፣ ለጸጥታም ጥሩ ነበር፤ ይህ አይካድም። የሶዶ ልጅ ግን የጦና ንቦችን በአካል ለማየት ሐዋሳ፣ አዳማ ወይም ድሬዳዋ መሄድ ነበረበት። የሚችለው በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ ያይ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ተከላካዩ ስንት ጊዜ ቀና ብሎ እንደሚያይ እየቆጠረ ነበር ኳስ የተማረው። አጥር ላይ መንጠልጠል ራሱ ትምህርት ቤት ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ ደግሞ አለ። እንደ አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች ድቻም የሚኖረው በዋናነት ከመንግሥት ካዝና በሚወጣ ብር ነው። በ2016 የወላይታ መምህራን ደመወዝ ዘግይቶባቸው ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል። ከዚያው ዞን በጀት ለተጫዋች ፊርማ ሲወጣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የክለብ ጠላት መሆን አይደለም። «ክለቡ ይዘጋ» የሚሉ አሉ፤ ይህ ችኩል ፍርድ ነው። ጥያቄው ብሩ የሚገዛው ምንድን ነው የሚለው ነው። ለአንድ ዓመት ፈርሞ በነሐሴ ሻንጣውን የሚያነሳ አጥቂ? ወይስ በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በገሱባ የ13 ዓመት ልጆችን እየዞረ የሚያይ፣ ጫማና ምሳ የሚሰጥ አንድ አሠልጣኝ? የሁለተኛው ወጪ ከመጀመሪያው እጅግ ያንሳል። ችግሩ ፎቶ የለውም፤ ፈርሞ ማሊያ ይዞ የሚቆም ሰው የለውም፤ ውጤቱም አሁን ባለው ኃላፊ ዘመን አይደርስም።

ዳሞታ ተራራ ሥር ቅዳሜ ጠዋት ያለፈ ሰው ያያቸዋል። ሜዳው ተዳፋት ነው፤ ኳሱ ወደ ታች ከሄደ የሳተው ልጅ ራሱ ሮጦ ያመጣል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ስለዚህ ማንም መሳት አይፈልግም። ከመካከላቸው ግራ እግሩ የተባረከ አንድ ቀጭን ልጅ አይጠፋም። ጨዋታው የሚያልቀው እናቶች ለምሳ ሲጠሩ ነው፤ ምሳው ምን እንደሆነ የጠየቃቸው አሠልጣኝ ገና አልመጣም።