የማን ልጅ ነህ?

የሶሲዮሎጂ ዶክትሬት ተማሪው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ዞኑ ለወረዳው፣ ወረዳው ለቀበሌው ይመራዋል። ማህተሙ ሲበዛ ገበሬው ይጠረጥራል፣ ሲያንስ ሊቀመንበሩ። ፖሊስን ሊያጠና የመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይጠናል።

*

ፋርታ ላይ ጥያቄ የሚጀምረው ተጠያቂው ነው፦ «የማን ልጅ ነህ? አገርህስ ወዴት ነው?» እናቱ የእስቴ ሰው መሆናቸው ሲሰማ ጠላ ይቀዳለታል። የፈቃደኝነት ቅጹ ሲወጣ ግን ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ፊርማ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የዋስትና፣ የክስ ጣጣ ያመጣል። «እንጫወት ልጄ፤ ፊርማው ይቅር። ስልኩንም ዝጋው።»

*

ድሮ ሌባ በአፈርሳታ ይፈለግ ነበር። አገሬው ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ ካልተገኘም ካሳው የጋራ ነው። ዛሬ «ጸጉረ ልውጥ ስታዩ ጠቁሙ» ይባላል። አፈርሳታ ወንጀለኛውን ከነዋሪው መሃል ይፈልግ ነበር፤ የዛሬው ማስታወቂያ ከመጤው።

*

ከወረታ ወልድያ፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ላይ፣ አውቶቡሱ ኬላ ሲደርስ ረዳቱ «መታወቂያ አዘጋጁ!» ይላል። እናቶች ከመቀነታቸው ጫፍ ይፈታሉ፤ ወጣቶቹ ሳይጠሩ ይነሳሉ።

*

የከተማ ቀበሌን የወለደው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። የቀበሌ መታወቂያ ሰውን ከቤት ቁጥር ጋር አሰረ፤ ኋላም ብሔሩን ጻፈበት። ዲጂታል መታወቂያው ፋይዳ ብሔር አይጠይቅም። ፈታሹ ግን ስም ያነባል፣ አድራሻ ያያል፣ አነጋገር ያዳምጣል፤ ከካርዱ የተፋቀውን በራሱ ይሞላዋል።

*

የምርምር ደንብ የተጠያቂውን ስም ቀይር ይላል። ስሙ የተቀየረለትን የጉና ሥር ገበሬ አዲስ አበባ ያለ መርማሪ መምህር አያውቀውም፤ ጎረቤቱ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይለየዋል። ገበሬው የሚፈራው ደግሞ መምህሩን አይደለም።

*

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ጉዳይ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቀደ። በክልሉ ጦርነት መሃል መታወቅ ጋሻነቱ ቀረና ዒላማ ሆነ። ይህ ለፖሊሱም ነው። እሱም የጋይንት ወይም የስማዳ ገበሬ ልጅ ነው፤ የእህቱ ሰርግ ሲደርስ ፈቃድ ቢያገኝ እንኳ ሁሉም የሚያውቀው ቀዬ መግባት ያስፈራዋል። «ፖሊስ» እና «ኅብረተሰብ» ብሎ ሁለት ምዕራፍ ያሰበ ተማሪ እዚህ አንድ ምዕራፍ ይበቃዋል።