ቀኝና ግራ የተጻፈበት ደብተር

እኛ የየጥኖራ ገበሬዎች ነን። ጤፍ እናርሳለን። ሕክምና አልተማርንም። ነገር ግን እኅታችንን በገዛ እጃችን መርፌ ወግተናታል። እንዴት ሆነ? እንንገራችሁ።

እኅታችን ገና አራስ ቤት ሳለች ግራ እግሯ አበጠ። ባቷ ጠነከረ፤ ጋለ፤ ሲነኩት ያማታል። «ብርድ ነው» አልን። አክስታችን «ወጌሻ ይጠራና በቅቤ ይሽላት» አሉ። ቅቤውም ተዘጋጅቶ ነበር። ደግነቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አራሷን ልትጠይቅ መጣች። እግሯን አየችና «ኧረ እንዳታሹት! ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት» አለችን።

በሆስፒታል ተመረመረች። በእግሯ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቷል ተባልን። ወተት እንደሚረጋ ደምም ይረጋል። ሰው ሲቆረጥ መርጋቱ ደግ ነው፤ መድማቱን ያቆማል። በደም ሥር ውስጥ ሲረጋ ግን መንገድ ይዘጋል። የረጋው ተላቆ ወደ ሳንባ ከሄደ ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል። ማሸት ደግሞ ሊያላቅቀው ይችላል። ነፍሰ ጡርና አራስ ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ይህን ስንሰማ ያ ቅቤ ትዝ አለን። ሁላችንም ዝም አልን።

ኢኖክሳፓሪን የሚባል መርፌ ታዘዘላት። ሰው «ደም ማቅጠኛ» ይለዋል። ደሙን ግን ውኃ አያደርገውም። የረጋው እንዳይጨምር፣ አዲስም እንዳይረጋ ይከላከላል እንጂ። መድኃኒቱ የሚሠራው ከሄፓሪን ነው። ሄፓሪን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1916 በአሜሪካ ተገኘ። ስሙም «ጉበት» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

ሻል ሲላት 14 መርፌ ቆጥረው ሰጡንና ወደ ቤት ተመለስን። በየ12 ሰዓቱ አንድ፣ ጧት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ አራስ በቀን ሁለት ጊዜ ማመላለስ አይቻልም። ስለዚህ ሲስተሯ አወጋጉን አስተማረችን።

በመጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠባል። መድኃኒቱ ስሪንጁ ውስጥ ተሞልቶ የመጣ ነው። በላዩ የተጻፈው ቁጥር ከታዘዘው ጋር አንድ መሆኑ ይታያል። መጠኑ በሰው ክብደት ስለሚታዘዝ የአንዱ ለሌላው አይሰጥም። የእሷ 60 ሚሊ ግራም ነበር። ውስጡ ያለችው ትንሽ አየር አትወጣም፤ ልግፋት ቢሉ መድኃኒት ይፈስሳል።

ታማሚዋ ጋደም ትላለች። የሚወጋው ከሆድ ጎን ነው፤ ከእምብርት አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ። ቦታው በአልኮል ተጠርጎ ይደርቃል። ቆዳው በሁለት ጣት ቆንጠጥ ይደረጋል። መርፌው ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ይገባል። መድኃኒቱ ቀስ ተብሎ ይገፋል። መርፌው እስኪወጣ ድረስ ቆዳው አይለቀቅም። ከዚያ በደረቅ ጥጥ ያዝ ማድረግ ብቻ ነው። ማሸት የለም።

እኛ ግን አሸነው! እጃችን ለምዶ ነዋ። በማግስቱ ቦታው እንደ መዳፍ ሰፍቶ ጠቆረ። አክስታችን «ልጅቱን ልትገድሏት ነው!» ብለው ጮኹ። መርፌውን ልናቆም ነበር። ሲስተሯን በስልክ ጠየቅን። «ስላሻችሁት ነው። በዚያ ላይ አትውጉ፤ በሌላው ጎን ቀጥሉ። ብታቆሙ ግን ደሙ ይረጋል» አለችን። ቀጠልን።

ጎን እንዳንረሳ ደብተር ገዛን። አባታችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። እሳቸው እያዩን በየተራ ጻፍን። ጧት «ቀኝ»፣ ማታ «ግራ»። ከእኛ መካከል ከስሙ በቀር ሌላ ቃል ጽፎ የማያውቅ ነበር። አክስታችንም ቆይተው «ዛሬ በየት ነው? አንብቡልኝ» ማለት ጀመሩ።

ያገለገለውን መርፌ ክዳኑን መልሰን አልገጠምንም፤ እጅ ይወጋል። ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ እያጠራቀምን ለጤና ኬላ አስረከብን። ሜዳ ላይ ቢጣል ኖሮ የልጆች መጫወቻ ይሆን ነበር።

ሌላም የተነገረንን እንንገራችሁ። መርፌው ቢረሳ ሁለቱን አንድ ላይ መውጋት አይገባም፤ ጤና ባለሙያ መጠየቅ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስፕሪን አይዋጥም። ዋግምትና ብጣት አይደረግም። ነስር አልቆም ካለ፣ ሰገራ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ፣ ሽንት ከደማ፣ ራስ በኃይል ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

14ቱ መርፌ አለቀ። ሐኪሙም በቀጠሮዋ ቀን መርምሮ ሕክምናዋን በኪኒን እንድትቀጥል አዘዘ። እግሯ ቀስ በቀስ ጎደለ። ልጇ ዛሬ ጥጃ ይጠብቃል። ደብተሩም አለ። ሰባት «ቀኝ»፣ ሰባት «ግራ» ተጽፎበታል። የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች ጠማማ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ግን ቀጥ ብለዋል።