ስም የለሹ አርሰናል

ቫይስ ሲቲ የሚባለውን ጌም የተጫወተ የእኔ ዘመን ልጅ ሮዝ ሰማዩን አይረሳም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. የ1986ቷን ማያሚ እንድትመስል ነው የተሠራችው። መኪና ትቀማለህ፣ ትነዳለህ፣ ሬዲዮው ይከፈታል፤ ጣቢያ በቀየርክ ቁጥር የዚያ ዘመን የፈረንጅ ዘፈን ይመጣል። ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ቢሆንም እኛ ሰፈር የደረሰው ቆየት ብሎ፣ በጥቁር እስክሪፕቶ «ጂቲኤ» የሚል በተሞነጫጨረበት ሲዲ ተገልብጦ ነው።

ሲዲውን ያመጣው የታላቅ ወንድሜ ጓደኛ አንድ ከሰዓት በኋላ ጌሙን ትቶ የተጫነበትን ፎልደር ከፈተ። «ና፣ ይቺን እያት» አለኝ። ከፎልደሮቹ አንዷ «ኤምፒ3» ትላለች፤ ውስጧ ባዶ ነው። ከአባቴ ስብስብ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች ገለበጠባትና ጌሙን አስነሳ። መኪና ውስጥ ገብቶ ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ አለፋቸው፤ መጨረሻ ላይ ጥላሁን መጣ። በባሕሩ ዳር መንገድ፣ ዘንባባው በግራና በቀኝ እያለፈ፣ ፖሊስ ከኋላ እያሳደደን፣ ጥላሁን ያዜማል። እናቴ ከጓዳ ሆና «ሬዲዮ ነው? እስቲ ጨምሩት» አለች። ጨመርንላት።

ያቺን ፎልደር የተዉት የጌሙ ሠሪዎች ራሳቸው ስለሆኑ ነገሩ በደንቡ ሞድ፣ ማለትም ተጫዋቾች በሰው ጌም ላይ በራሳቸው የሚሠሩት ለውጥ፣ አይባልም። ለእኔ ግን ሁሉም የጀመረው እዚያ ነው። እስከዚያ ቀን ጌም እንደ ፊልም አልቆ፣ ተዘግቶ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ይከፈታል። አጠገቧ «ዳታ» የምትባል ሌላ ፎልደር አለች፤ በውስጧ «ሃንድሊንግ» የሚል ፋይል ተቀምጧል፤ ፋይሉ በተራ ኖትፓድ ይነበባል። እያንዳንዱ መኪና አንድ መስመር ተሰጥቶታል፦ ክብደቱ፣ የመጨረሻ ፍጥነቱ፣ ፍሬኑ፣ ሁሉም በቁጥር። ቁጥሩን ቀይረህ ሴቭ ካደረግክ የመኪናው ጠባይ አብሮ ይቀየራል። የአይስክሬም መኪናዋን ከስፖርት መኪኖቹ አስበለጥናት። አንዱን ቫን ደግሞ በቀለሞቹ ፋይል በኩል ነጭና ሰማያዊ አደረግነው፤ የጎደለው ረዳት ብቻ ነበር።

እንዲህ ዓይነት መስመሮች ምን ያህል እንደሚከብዱ የገባኝ ግን በቅርቡ ነው። ከቫይስ ሲቲ ቀጥሎ በመጣው ሳን አንድሪያስ ውስጥ ስኪመር የምትባል፣ ውሃ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን አለች። «24ኤች2» የተባለው የዊንዶውስ 11 እድሳት የጫኑ ሰዎች አውሮፕላኗን ፈልገው አጧት። ጥፋቱ የዊንዶውስ ይመስል ነበር። ለድሮዎቹ ጂቲኤዎች የጥገና ፓች በመሥራት «ሳይለንት» በሚል ስም የሚታወቀው ፖላንዳዊ ፕሮግራመር ነገሩን ሥር ድረስ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ አደረገው። ስኪመር በቫይስ ሲቲ የተመዘገበችው በጀልባነት ነበር፤ ለጀልባ ደግሞ የጎማ መጠን አይጻፍም። በሳን አንድሪያስ ወደ አውሮፕላንነት ስትዛወር የጎማዋን ቁጥር የሚጨምርላት ሰው ረሳ። ጌሙ መስመሯን ሲያነብ የጎደለውን ቁጥር አይጠይቅም፤ ከእሷ በፊት ካነበበው መኪና ሜሞሪ ውስጥ የተረፈውን ወስዶ ያልፋል። በዚህ ዕድል 20 ዓመት ያህል በረረች። አዲሱ ዊንዶውስ ያንን የሜሞሪ ቦታ ለራሱ ጉዳይ ሲጠቀምበት ትርፍራፊው ጠፋ፤ ስኪመርም አብራ ሄደች። ሳይለንት ማስተካከያውን ከፓቹ ጋር በነፃ ለቀቀው። ሁለት አስርት ዓመታት ሳይታረም ያለፈውን ጉድለት ያገኘው ጌሙን የሚወድ አንድ ሰው ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ታሪክ ከብዙ መርማሪ ልብ ወለድ አስበልጠዋለሁ።

ካውንተር ስትራይክን የማነሳው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ በኬብል በተያያዙበት ኔት ቤት፣ ጆሯችን እስኪደነቁር ስንታኮስ የከረምንበት ይህ ጌም ራሱ ሞድ ነበር። ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሃፍ ላይፍ በተባለው ጌም ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1999 በነፃ ለቀቁት፤ የሃፍ ላይፍ ባለቤት ቫልቭ በዓመቱ ገዝቶ በራሱ ስም አወጣው። ለዓመታት የተጫወትነው የሰው ትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር፤ የነገረን ግን አልነበረም።

ወደ ኳሱ ልምጣ፤ ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነው።

ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2013፣ በእኛ አፍ ፔስ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ወጣ። 1 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ይሸከመዋል፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤት የጣለውን አሮጌ ዴስክቶፕ ያገኘ ሁሉ ሁለት ጆይስቲክ ሰክቶ ጌም ቤት ከፈተ። ሕጉ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ የተሸነፈ ይነሳል። መብራት ከሄደ ጨዋታው አይቆጠርም፤ በዚህች አንቀጽ የተነሳ ስንት ጠብ አይተናል።

ጌሙ ምርጥ ነበር፤ ግን የፕሪሚየር ሊጉ ፈቃድ በተፎካካሪው በኢኤ እጅ ነው። የፔስ ሠሪ ጃፓናዊው ኮናሚ ከእንግሊዝ ክለቦች በስሙና በማሊያው ያስገባው ማንቸስተር ዩናይትድን ብቻ ነበር። ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ተብሏል። ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»። የእኔው አርሰናል «ኖርዝ ለንደን»። ተጫዋቾቹ ከነስማቸው አሉ፤ የለበሱት ግን ገበያ ላይ ተሰቅሎ እንኳ ማንም የማይገዛው ማሊያ ነው።

ይህ ሕመም የሚገባው ያንን ዓመት የሚያስታውስ አርሰናላዊ ብቻ ነው። ቫን ፐርሲ በዚያው ክረምት ለዩናይትድ ተሸጧል። ጌም ቤት ስትገባ እሱ እውነተኛውን ማሊያ ለብሶ ይጠብቅሃል፤ አንተ ደግሞ ስም የሌለው ቡድን ይዘህ ትቀመጣለህ። የማንቼ ደጋፊዎች አይምሩም። «ኖርዝ ለንደን የቀበሌ ቡድን ነው እንዴ?» ይሉናል። ምን ይመለሳል?

ከዚያ ፓቹ መጣ። «ፔስኤዲት» ይባላል። ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በእኛ ኮኔክሽን አይታሰብም፤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የሰፈር ልጅ በቁርጥራጭ በቁርጥራጭ እያወረደ፣ አንዷ ክፋይ ተበላሽታ እንደገና እያወረደ፣ በመጨረሻ በሀርድ ዲስክ ይዞት መጣ። ሲጫን ሁላችንም ከኋላ ቆመናል። የቡድኖቹ ዝርዝር ሲከፈት አርሰናል ይላል። መድፉ ያለበት አርማ። ቀዩ ማሊያ ከነነጭ እጅጌው። ጌሙ ውስጥ ጭራሽ ያልነበረው የጀርመኑ ቡንደስሊጋም ከነክለቦቹ ገብቷል። ጩኸታችን ጎረቤት አስወጣ። ፓቹ ስማችንን መለሰልን፤ ቫን ፐርሲን ግን አልመለሰም።

ከፓቹ ሥር «ኪትሰርቨር» የሚባል መሣሪያ ይሠራል፤ ዋና ሠሪው «ጁስ» በሚል ስም ይታወቃል። ብልሃቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የጌሙን ትልልቅ ፋይሎች አይነካም። ጌሙ «የዚህን ቡድን ማሊያ አምጣ» ብሎ ፋይሉን ሲጠይቅ መሐል ላይ ይጠልፈውና ከራሱ ፎልደር ያወጣውን ሥዕል ያቀብለዋል። ጌሙ የራሱን ያገኘ መስሎት ይቀጥላል። የትኛው ቡድን የትኛውን ፎልደር እንደሚያገኝ የሚወስነው «ማፕ» የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፦ የቡድኑ ቁጥር፣ ኮማ፣ የፎልደሩ ስም። አንድ ሰው ማሊያ ስሎ አንድ መስመር ከጨመረ ሥራው አለቀ። ለዚህም ነው በየአገሩ ያሉ ልጆች፣ አብዛኞቹ ፕሮግራም መጻፍ የማያውቁ፣ ፊት የሚስሉ፣ ስታዲየም የሚሠሩ፣ የዝውውር ወሬ ተከትለው ስም የሚያዛውሩ፣ በአንድ ጌም ላይ ተባብረው የሠሩት። ብዙዎቹ ፓቾች ሲከፈቱ «ይህ በነፃ ነው፤ አይሸጥም» የሚል ማሳሰቢያ ይዘው ነበር። መርካቶ ግን ማሳሰቢያው በአግባቡ በዲቪዲ ተገልብጦ፣ ከነአይሸጥምነቱ ይሸጥ ነበር።

ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ፔስ የሚለውን ስም ትቶ ኢፉትቦል ሲያወጣ፣ አዲሱ ጌም ፊታቸው በተጣመመ ተጫዋቾቹ የዓለም መሳቂያ ሆነ። ፔስ 2013 ግን በየዓመቱ ዝውውሩና ማሊያው እየታደሰ ኖሯል፤ ከዓመታት በኋላ የተወለደውን ጌም የሚያስንቅ እርጅና ነው። የእህቴ ልጅ በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የአርሰናሉን ሳካ ይዞ ሲጫወት አይቼ፣ ጌሙ ሲወጣ ሳካ የ11 ዓመት ልጅ እንደነበር ነገርኩት። «ታዲያ እንዴት ገባ?» አለኝ። ሰው አስገባው፣ አልኩት።

እኛም አንድ ጊዜ ሰው አስገብተናል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ያገቡበት ቀን ነው፤ ከተማው እንዴት እንዳደረ የነበረ ያውቀዋል። ታዲያ በማግስቱ ጌም ቤት ገብተን የብሔራዊ ቡድኖችን ዝርዝር ብናገላብጥ ኢትዮጵያ የለችም። ዛምቢያ አለች፣ ናይጄሪያ አለች።

ያ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ማንም የማይመርጠውን አንድ ቡድን መሥዋዕት አደረገ። አረንጓዴውን፣ ቢጫውንና ቀዩን ማሊያ ሳለ፤ በማፑ ላይ መስመሯን ጨመረ። ከዚያ በኋላ ያለው የሰፈሩ ሥራ ሆነ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ፍጥነት፣ ጉልበት፣ ኳስ አያያዝ፣ ሁሉም ከ99 ይሰጣል፤ ማን ስንት ይሰጠው? ስብሰባው ከእድር ስብሰባ አይተናነስም። ጌታነህ ከበደ ሲመታ ጉልበቱ ስንት ነው? ሽመልስ በቀለ ከማን ያንሳል? አንዱ በስሜት ለሳላዲን ከሜሲ እኩል ሊሰጠው ሲል የጌም ቤቱ ባለቤት ከበሩ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ እግዜርን ፍሩ!» አለ። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ራሱ ያን ያህል የተጨነቀ አይመስለኝም። የጌሙ እንግሊዛዊ ተራኪ ጆን ቻምፒየን ስሞቹን ስለማያውቃቸው አዳነ ሲያገባ ስሙን ሳይጠራ ያልፋል፤ እኛ በአንድ ድምፅ እንጠራለታለን። በአሰላለፉ ላይ ግን ስህተት ቀረ፤ የግብ ጠባቂያችን የጀማል ጣሰው ስም በችኮላ አንድ ፊደል ጎደለው። ማንም አላረመውም።

ጥር 13፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ተጫወትን። ሳላዲን ገና በጊዜ ያገኘውን ፔናልቲ ሳተ። ጀማል ከፍ አድርጎ በሰነዘረው እግር ቀይ ካርድ ተመዘዘበት። በ10 ሰው ቀርተን ግብ ቢቆጠርብንም አዳነ አቻ አደረገን፤ 1 ለ 1። በማግስቱ ጌም ቤቱ ጢም ብሏል። የአዳነ ቁጥሮች በሙሉ ድምፅ ከፍ አሉ። ሳላዲን ላይ ግን ሰው ለሁለት ተከፈለ፤ በመጨረሻ የቆመ ኳስ አመታቱን 60 አደረጉት። እኔ ተቃውሜ ነበር፤ ያለ እሱ ማን ያሳልፈን ነበር? በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ስንመለስ ግን ቁጥሩን የሚነካ አልተገኘም።

ፋይሉ በፍላሽ እየተገለበጠ ከሰፈራችን ወጣ። ከወራት በኋላ ጎፋ አካባቢ ጉዳይ ገጥሞኝ ሄጄ አንድ ጌም ቤት ገባሁ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ተቀምጧል፤ ኢትዮጵያን መርጧል። በረኛውን አየሁ፤ ያቺ ፊደል ጎድላለች። የእኛ ናት! «ይሄን ቡድን ማን ሠራው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ? ከነጌሙ ነው ያስጫንነው።»

ናይጄሪያን ይዤ ተቀመጥኩ። ጨዋታው አንድ እኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል ከሳጥኔ ውጭ ጥፋት ሠራሁና ሳላዲን ሊመታ ቆመ። ልቤ ተረጋጋ፤ 60 መሆኑን አውቃለሁ። ኳሷ ግንቡን ዞራ የላይኛው ማዕዘን ውስጥ ገባች። ጨዋታው እንዳለቀ የተጫዋቹን ገጽ ከፍተህ አሳየኝ አልኩት። አንድ የማላውቀው ሰው 92 አድርጎታል።

ልጁ እጁን ዘረጋ። የተሸነፈ ይከፍላል።