የእማዬ ሳጥን

እናታችን ያረፈች ሰሞን ሦስት ልጆቿ ንፋስ መውጫ ተሰብስበን፣ ከብርዱ የተነሳ ጋቢያችንን እንደተከናነብን፣ አልጋዋ ሥር የኖረውን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትን። በሕይወት ሳለች ቁልፉን ከማተቧ ጋር አስራው ስለኖረች ውስጡን ያየ አልነበረም።

ምን ወጣ? ብርጭቆው የተሰነጠቀ ፋኖስ፣ ድምፁ ከጠፋ ዘመን ያስቆጠረ ሬድዮ፣ በ1969 ዓ.ም. ገንዘብ ሲለወጥ ሳይመነዘሩ የቀሩ የጃንሆይ ኖቶች፤ እና በጨርቅ የተቋጠሩ 11 ጠገራ ብሮች።

ታናሽ ወንድሜ ጠገራውን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ጋሼ፣ ዓመቱን እየው እንጂ! 1780! ቴዎድሮስ እንኳ ሳይወለድ! ፈረንጅ በሚሊዮን ይገዛዋል።»

«ያስታመምኳት እኔ ነኝ» አለች እህቴ።

«ግብሯን የከፈልኩትስ?»

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልጽፈውም። አርባዋ እንኳ አልወጣም ነበር።

የአስተማሪነት አመል መች ይለቃል፣ ማስረዳት ጀመርኩ። ማሪያ ትሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ ብሩ በየትም አገር ይቀረጽ፣ ቬናም ሆነ ለንደን ወይም ቦምቤይ፣ ያው 1780 ይጻፍበታል። ሙሶሊኒ ሳይቀር ሊወረን ሲሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 መቅረጫውን ከኦስትሪያ ተረክቦ ሮም ላይ አስቀርጾታል። የአያቶቻችን ገበያተኛ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ፈርጦች ቆጥሮ ነበር የሚቀበል፤ ዓመቱን ማን ያነበዋል! ክብደቱ 28 ግራም ነው፤ አንድ ወቄት መሆኑ ነው። ንጹሕ ብሩ ከ23 ግራም ትንሽ ቢያልፍ ነው። በመቶ ሚሊዮኖች ስለተቀረጸ፣ ተራው ጠገራ ዋጋው ከብሩ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

«እና ይሄ የጣሊያኑ ሊሆን ይችላል?»

«ይችላል።»

ወንድሜ በእጁ የያዘውን መልሶ ጨርቁ ላይ ጣለው።

እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። በ1977 ድርቅ እማዬ ወተቷን የምንጠጣላትን ላም ስትሸጥ አስታውሳለሁ፤ ልጅ ነበርኩ። ለካ ያን ጊዜ ይህ ቋጠሮ አልጋው ሥር ነበር! «ለክፉ ቀን» ብላ መሆኑ ነው። ከዚያ የከፋ ምን ቀን ልትጠብቅ ኖሯል? ዛሬ እንዳልጠይቃት የለችም።

11 ለሦስት አይካፈልም። ሁለቱ ለአርባዋ ድግስ እንዲሸጡ ተስማማንና የቀሩትን ሦስት ሦስት ደረሰን። ወንድሜ ያን ሁሉ ሰምቶ፣ ሦስቱን በዚያው ጨርቅ ቋጥሮ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈባቸው። ሳቅሁበት።

የኔ ሦስቱ አዲስ አበባ፣ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ባለቤቴ መቼ ነው የምትሸጣቸው ስትለኝ ወሬ እቀይራለሁ።