ለሶሉ የላካችሁልኝ ገንዘብ

ፋሲካ ሰሞን ስለ ተረከዜ ሕመም ጽፌ ነበር። አምስት ሆናችሁ ተነጋግራችሁ ለጫማዬ የውስጥ ሶል እንዳሠራበት ብላችሁ 140 ዶላር ላካችሁልኝ። ከዚያ ወዲህ "ሶሉ ተሠራ ወይ? ተሻለህ ወይ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ "እነግራችኋለሁ" እያልኩ ቆየሁ። ይኸው ልንገራችሁ፦ ሶሉን አላሠራሁትም። ገንዘቡንም አልበላሁትም። ነገሩ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ከኮሜንታችሁ እንዳየሁት ተረከዙን የሚያመው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ሕመሙ የጀመረኝ በፌብሩዋሪ 2025፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ነው። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስረግጥ ተረከዜ ውስጥ ምስማር የተተከለ ይመስለኛል። አሥር አሥራ አምስት እርምጃ ስሄድ ይለቀኛል፤ ቁጭ ብዬ ስነሳ ደግሞ ይመለሳል። በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ አስተምራለሁ። የቦዳ ቦዳው ሒሳብ ስለማይቻል ከካቶር ትምህርት ቤት ድረስ ሃምሳ ደቂቃ በእግሬ ነው፤ መመለሻውም እንዲሁ። ጫማዬን የገዛሁት ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ከሰልባጅ ተራ ነበር። ጥቁር ቆዳ፣ ሲያዩት የመምህር ጫማ ነው። ውስጡ ግን የሌላ ሰው እግር ቅርጽ አለበት። የቀድሞው ባለቤት ተረከዙን ወደ ውጭ አጋድሎ ይረግጥ እንደነበር ሶሉ ይመሰክራል። ለካ የማላውቀውን ሰው አረማመድ ይዤ ነበር የምዞረው።

እናቴ በስልክ "ብርድ ነው፣ በጨው ውሃ ዘፍዝፈው" አለችኝ። ጁባ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ብርድ! ግን ከእናት ጋር ክርክር የለም፤ ዘፈዘፍኩ። ለማታው ደስ ይላል፣ ለጠዋቱ ግን ጠብ ያለልኝ ነገር የለም።

ከዚያ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። ራጅ አነሱኝና "ተረከዝህ ላይ አጥንት በቅሏል" ተባልኩ። የእግሬን ልክ ወስደው ውጭ አገር በልኬ የሚሠራ ሶል እንደሚያስመጡልኝ፣ ዋጋው 130 ዶላር እንደሆነ፣ ካላደረግሁት መጨረሻው ኦፕራሲዮን እንደሆነ ነገሩኝ። የእኔ የወር ደመወዝ እዚያ አይደርስም። ፈራሁ። ለእናንተ የጻፍኩት በዚያው ምሽት ነው፤ አሁን ሳስበው የጻፈው ፍርሃቴ ነው።

ገንዘቡ እጄ ከገባ በኋላ እንቅልፍ ነሳኝ። ከእናንተ አንዷ ሌሊት የሰው ቤት አጽድታ ያገኘችው እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ከመክፈሌ በፊት አዲስ አበባ ተምራ ብዙ ዓመት የሠራች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እህታችንን በዋትሳፕ ጠየቅኳት። ራጁን አይታ አልደነገጠችም። "ይህን የመሰለ አጥንት ምንም ሕመም የሌለባቸው ብዙ ሰዎች ተረከዝ ላይ ይገኛል" አለችኝ። ከተረከዝ ተነስቶ እስከ ጣቶቻችን ሥር የሚዘረጋ ጠንካራ የጅማት መቀነት አለ፤ ከአቅሙ በላይ ሲጫኑት ተረከዙ ላይ ያለው መነሻው ይቆጣል። የጠዋቷ የመጀመሪያ እርምጃ ዋና ምልክቱ ናት። ቀስ ብሎ ቢሆንም አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ኦፕራሲዮን ይሻለዋል።

ቀጥላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው ዓይኔን የከፈተው። "ቀለል ያለህ ጊዜ አለ?" አለች። አስታወስኩ። ፌብሩዋሪ 20 ላይ፣ ተማሪዎች በሙቀት ምክንያት እየወደቁ ስላስቸገሩ፣ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለሁለት ሳምንት ዘግቶ ነበር። በዚያ ሁለት ሳምንት ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ተረከዜም ሊተወኝ ምንም አልቀረውም። ትምህርት ሲከፈት ተመለሰ። ሁለት ወር አርፎ የከረመ እግር በአንድ ጊዜ የቀን መቶ ደቂቃ መንገድና አምስት ክፍለ ጊዜ መቆም ሲጫንበት ምን ያድርግ? ክሊኒኩ ውስጥ ግን "ሥራህ ምንድን ነው? በምን ትሄዳለህ?" ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

"ታዲያ ሶሉ አይረዳም ማለት ነው?" አልኳት። እንደሱም አላለችም። አውስትራሊያ ውስጥ የተካሄደና በ2006 የታተመ አንድ ጥናት አሳየችኝ። የእኔ ዓይነት ሕመም ያለባቸውን 135 ሰዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ከፍለው፣ ለአንዱ ክፍል በልክ የተሠራ ሶል፣ ለሁለተኛው ገበያ ላይ የሚገኝ ጠንከር ያለ ዝግጁ ሶል፣ ለሦስተኛው ለይስሙላ ያህል ስስ ስፖንጅ ሰጡ። በሦስተኛው ወር በልክ የተሠራውም ዝግጁውም ከስፖንጁ ትንሽ በልጠው ታዩ፤ ሰዎቹ ሥራቸውንና እርምጃቸውን ትንሽ ቀሏቸው ነበር። በአንደኛው ዓመት ሦስቱም ክፍሎች ያው ሆኑ። እኔን የገረመኝ ግን በልክ የተሠራው ውድ ሶል ከዝግጁው አለመብለጡ ነው። ሶል ሕመሙን እስኪያልፍ ያስታግስ ይሆናል፤ ለመታገሻ ደግሞ 130 ዶላር ብዙ ነው።

ሌላም ነገር አስተማረችኝ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የውስጥ እግሬን በፕላስተር እንዴት እንደማስር በቪዲዮ አሳይታኝ ለጥቂት ቀን ሞከርኩት። በፕላስተሩ ቀለል ካለው ሶልም ሊያግዘው ይችላል፤ ፕላስተሩ ምንም ካላደረገለት በሶሉ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣል። እኔን በመጠኑ ቀለል አለኝ።

እዚህ ላይ ኮሜንት ላይ "አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል ወይ ሮም ላይ ያሸነፈው? ጫማህን ጣለው!" ያላችሁኝን ልመልስ። እውነት ነው፣ በ1960 በባዶ እግሩ አሸንፏል። በ1964 ግን ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው፤ ሰዓቱም ከሮሙ ፈጠነ። ደግሞ እኔ ጎጃም ነው ያደግሁት። በቀይ አፈር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ በባዶ እግር አርሰው እግራቸው ያበጠ፣ "እርግማን ነው፣ ዘር ነው" ተብለው ከሰው የተገለሉ አባቶችን አይቻለሁ። አመጣው የተባለው አፈሩ ነው፤ መከላከያውም ጫማ ነው። ስለዚህ ባዶ እግርን ለማሞገስ ምላሴ አይታዘዝልኝም።

እና ምን አደረግሁ? ከአደራው ላይ 38 ዶላር አውጥቼ አዲስ ጫማ ገዛሁ፤ ተረከዙ ወፍራም፣ መሀሉን ሲያጥፉት እንደ ነጠላ ጫማ የማይጠቀለል። 6 ዶላር አውጥቼ ዝግጁ ሶል ገዛሁ። ሻጩ መጀመሪያ ትራስ የሚመስል ለስላሳ ሰጥቶኝ ነበር፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው እስከ ታች ስለሰመጠ መለስኩለት። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ እግሬን ጉልበቴ ላይ አጣጥፌ ጣቶቼን ወደ ቅልጥሜ እስባለሁ፤ እስከ አሥር ቆጥሬ እለቃለሁ፣ አሥር ጊዜ። በየሁለት ቀኑ ደግሞ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ጣቶቼ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ተረከዜን አነሳለሁ አወርዳለሁ። የግቢው ልጆች "ኡስታዝ ዳንስ ጀመረ" ይላሉ። ጠዋት ጠዋት፣ በራሴ ገንዘብ፣ ግማሹን መንገድ በቦዳ እሄዳለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ወንበሩ ነው። ርእሰ መምህሩን ክፍል ውስጥ ወንበር ልጠይቅ ሦስት ቀን አመነታሁ። ስደተኛ መምህር ሲቀመጥ ሰነፍ ይባላል፣ ሌላው ቆሞ ያስተምራል እያልኩ። ስጠይቀው "ቀድመህ ለምን አልነገርከኝም?" አለና በማግሥቱ ተማሪዎች ተሸክመው አመጡልኝ። ስንቱን ነገር በዚህ ዓይነት ዝም ብለን እንደምንችለው ሳስብ ይገርመኛል።

አሥራ አንድ ሳምንት ሆነኝ። ከአሥር ስምንት የነበረው ሕመም ሦስት ደርሷል። አልጠፋም። ሶሉ ነው፣ ጫማው ነው፣ ስፖርቱ ነው፣ ወይስ ወንበሩ ብትሉኝ መለየት አልችልም። በሦስት በአራት ወር ጭራሽ ካልተሻለኝ በልክ የሚሠራውን እንደገና አስብበታለሁ። ፋርማሲ ገብታችሁ ዲክሎፌናክ እየገዛችሁ በየቀኑ የምትውጡ ግን ተዉ፤ ጨጓራንም ኩላሊትንም ይጎዳል። ደግሞ የእኔን አይታችሁ ሁሉም የእግር ሕመም ያው እንዳይመስላችሁ። እግሩ የሚደነዝዘው፣ ያበጠበት፣ የቀላበት፣ ትኩሳት ያለው፣ ተኝቶም የሚያመው፣ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሐኪም ጋ ይሂድ።

ስኳር ስል ወደ ቀረው ገንዘብ ልምጣ። ግቢያችን ውስጥ ቡና እያፈሉ የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። ስኳር ካለባቸው ቆይቷል። አንድ ማታ ነጠላ ጫማቸውን ሲያወልቁ ሚስማር ጫማውን በስቶ እግራቸው ውስጥ ገብቷል፤ ቀኑን ሙሉ ሲረግጡት አልሰሙም። ደሙን ያየሁት እኔ ነኝ። "አንተስ ታድለህ፣ ያምሃል" አሉኝ። ቁስሉ በሕክምና ድኗል፣ እግራቸው ግን ያው አይሰማም።

ያቺ እህታችን ይህን ስነግራት አለርትን አነሳችልኝ። ዘነበወርቅ ያለው፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ የተቋቋመው ሆስፒታል። እዚያ ስሜት ላጣ እግር ጫማና ሶል የሚሠራበት ወርክሾፕ አለ። እንዲህ ላለ እግር ሶሉ የሚሠራው ሕመም ለማስታገስ ሳይሆን ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ አርፎ እንዳያቆስል ነው። ስኳር ላደነዘዘው እግርም ያው ነው። እኔ ያለ ሶል ቢበዛ አነክሳለሁ፤ እሳቸው ግን እግራቸውን ሊያጡ ይችላሉ።

ከ140 ዶላሩ 44 ወጥቶ 96 ቀርቷል፤ ደረሰኙን ለአምስታችሁም በውስጥ መስመር ልኬያለሁ። ከፈቀዳችሁ ለእማማ ሰፋ ያለ፣ ፊቱ የተሸፈነ፣ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር ጫማ ልግዛላቸው። ሶሉን በተመለከተ እዚህ ጁባ ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ሲደግፈው የቆየ የአካል ማገገሚያ ማዕከል አለ፤ ሰኞ አብረን ሄደን እንጠይቃለን። ካልፈቀዳችሁም አልቀየምም፤ በላካችሁበት መንገድ እመልሳለሁ። እስከ እሑድ መልሱልኝ።

ቁጥራቸው 38 ነው። ኮንዮ ኮንዮ ወይም ጁባ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ጫማ ያያችሁ ጠቁሙኝ።