ከአዋሽ እስከ ሰመራ ከአንድ ቡል ቴሪየር ጋር

አንባቢዬ ሆይ፤ እርስዎ ገና ትምህርትዎን ያልጨረሱ፥ ወይም በመጀመሪያው ደመወዝዎ ምን ልግዛበት እያሉ የሚያወጡና የሚያወርዱ ወጣት ሠራተኛ እንደ ሆኑ እገምታለሁ። ፍራሽና ምድጃ ከገዙ በኋላ ቤቱ ጭር ያለብዎት እንደ ሆነ ምናልባት ውሻ ለማሳደግ ያስቡ ይሆናል። በተለይም ደረቱ ሰፊ፥ አንገቱ ወፍራም፥ ጡንቻው በቆዳው ሥር እንደ ተገመደ ጠፍር የሚታይ ውሻ አዲስ አበባ ላይ አይተው ልብዎ ተከትሎት ከሄደ፥ ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ይህችን ጽሑፍ ያንብቡልኝ። እኔ እንዲህ ያለውን ውሻ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ሁለት ዓመት፥ ከዚያም ወዲህ በሰመራ አኑሬዋለሁና የምነግርዎ ከመጽሐፍ ብቻ የለቀምሁትን አይደለም።

ውሻው ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየር ይባላል። ስሙ ረጅም ነው፤ እርሱ ግን አጭር ነው። ቁመቱ እስከ ትከሻው ከ36 እስከ 41 ሴንቲ ሜትር፥ ክብደቱም ከ11 እስከ 17 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ሰው ሊሸከመው ይችላል ማለት ነው፤ እኔም ተሸክሜዋለሁ፤ የተሸከምሁበትን ምክንያት ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

ትውልዱ በእንግሊዝ አገር፥ ድሮ ከሰል ይቆፈርበትና ብረት ይቀጠቀጥበት በነበረው በስታፎርድሻየርና በአካባቢው ነው። በዚያ አገር በሬን አስሮ በውሾች እያስነከሱ መሳቅ በጥንት ዘመን እንደ ጨዋታ ይቆጠር ነበር። በ1835 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ይህን ከለከለ። ዳሩ ግን ክፉ ልማድ በአንድ ወረቀት አይሞትምና ውሻን ከውሻ ማዋጋት በስውር ቀጠለ። ለዚያ ግፍ የሚፈለገው ውሻ በጠቡ መካከል የሰው እጅ ሲገባ የማይነክስ መሆን ነበረበት፤ ሰውን የነከሰው ዘሩ እንዲቀጥል አይደረግም ነበር ይባላል። እንዲህ ሆኖ ሁለት የማይስማሙ ነገሮች በአንድ ቆዳ ውስጥ ገቡ። ሌላ ውሻ ሲያይ ቶሎ የሚግል ደም፥ ሰውን ሲያይ ደግሞ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ልብ። የብሪታንያ የውሻ ማኅበር፥ ኬነል ክለብ የሚባለው፥ ዘሩን በ1935 እ.ኤ.አ. በመዝገቡ አስገባው። በ1991 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ፒትቡል ቴሪየርን በሕግ ስትከለክል ስታፎርድሻየሩን ከእገዳው ውጭ ተወችው።

አዲስ አበባ ላይ ግን ደረቱ ሰፋ ያለውን ሁሉ “ፒትቡል ነው” ብለው የሚሸጡ ብዙ ናቸው። አንዱን ሻጭ እናቱን አሳየኝ ብለው “እናቱ ክፍለ ሀገር ሄዳለች” አለኝ። ውሻ ለዕረፍት ክፍለ ሀገር እንደምትሄድ ያን ቀን ሰማሁ። እርስዎ ግን እናቱን ሳያዩ አይግዙ። የቡችላው ጠባይ ከእናቱ ጠባይ ብዙም አይርቅምና፥ እናቲቱ እንግዳ ሰው ሲቀርባት ጅራቷን ካልቆላች ወደ ሌላ ይሂዱ። ስምንት ሳምንት ያልሞላውን አይውሰዱ። ጆሮው የተቆረጠውን “ለማማር ነው” ቢሉዎትም ይለፉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆላ ለመውረድ ያሰቡ እንደ ሆነ አፉ አጠር ብሎ ፊቱ የተደፈጠጠውን አይምረጡ፤ ትንሽ ከተጫወተ በኋላ አተነፋፈሱን ያዳምጡ፤ የሚያንኮራፋ ከሆነ ለደጋ ሰው ይተዉለት።

እኔ የመረጥሁት ከአራቱ ወንድሞቹ ተለይቶ መጥቶ በጫማዬ ላይ የተኛውን ነው። ስሙንም መቻል አልሁት፤ ያገራችን የቆየ የውሻ ስም ነው። በታሪካችን ስሙ የታወቀው የቤት ውሻ ምናልባት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቺዋዋ፥ ሉሉ፥ ነው። ሉሉ የሚታቀፍ ነበር። መቻል የሚታቀፍ አይደለም፤ ታቅፈኝ ማለቱን ግን አልተወም።

ይህን ውሻ ለዘበኛነት ፈልገውት ከሆነ እዚህ ላይ ማንበብዎን ቢያቆሙ አልቀየምም። ሌባ ቢገባ የሚያሳዝነው ነገር ሌባው ሳይጫወት መሄዱ ብቻ ነው። ለጥበቃ ያገራችን ውሻ እጅግ ይበልጠዋል። ስታፎርድሻየር የሚፈልገው ሰው ነው፤ ሲበሉ ከእግርዎ ሥር፥ ሲያነቡ ከጎንዎ፥ ሲታጠቡ ከበሩ ሥር ነው። ሙሉ ቀን ብቻውን የተዘጋበት እንደ ሆነ ኀዘኑን በጥርሱ ይገልጻል። መቻል በቡችላነቱ አንድ ጥንድ ጫማ፥ የበሩን ጠርዝና ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁትን የፋይናንስ መመሪያ በልቷል። ስለ መመሪያው ብዙም አላዘንሁም።

ምግቡን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ። የተረፈ ወጥ አይስጡት። የወጣችን መሠረት ቀይ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ፥ ነጭም ይሁን ቀይ፥ የውሻን ደም ይጎዳል። እኔ ሥጋና ሩዝ ያለ ጨው ቀቅዬ እሰጠዋለሁ። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሜ የሚያዩኝ የሥራ ባልደረቦቼ ግን “ለውሻው ነው” የሚለውን ቃሌን እስካሁን ያመኑ አይመስለኝም።

አዋሽ ለእርሱ ደኅና ከተማ ነበረች። በየማታው ከድሮው የባቡር ጣቢያ በኩል እየዞርን በጣቢያው አጠገብ ያለውን ጥንታዊ ሆቴል አልፈን እንመለሳለን። ወደ ወንዙ ግን አላወርደውም ነበር። አዋሽ ወንዝ አዞ አለበት፤ ይህ ውሻ ደግሞ ፊቱና ደረቱ ከባድ ስለ ሆነ እንደ ሌሎቹ በቀላሉ አይዋኝም። ሌሊትም ከቤት ውጭ አላሳደርሁትም። ጅቡ ከከተማው ዳር ሲጮህ ያገሬው ውሻ ድምፁን ሰምቶ ወደ አጥሩ ይጠጋል፤ ቴሪየር ግን ማፈግፈግን የሚያውቅ ፍጥረት አይደለምና ወደ ድምፁ ይሄድ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ምላሱ ነው። መቻል ሰውን ሁሉ፥ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም፥ ካልላሰ ሰላምታ የሰጠ አይመስለውም። ይህ ጠባይ በሌላ አገር ያስመሰግነው ይሆናል። በአዋሽና በሰመራ ግን ጎረቤትዎ ዉዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰው ነው። አብዛኞቹ አፋሮች በሚከተሉት በሻፊዒ ሥርዓት የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱም አንዱ በአፈር ነው። ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቀን ይህ ቀላል ነገር ነውን? እኛ ክርስቲያኖችም ብንሆን ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲገባ እናባርራለን። ስለዚህ የሰውን ንጽሕና በኔ ውሻ ፍቅር ላበላሽበት አይገባኝም ብዬ፥ ከስሙ ቀጥሎ ያስተማርሁት ቃል “ቁጭ” የሚለው ሆነ። ሰው ሲመጣ በአራት እርምጃ ርቀት ተቀምጦ እንዲጠብቅ ለማድረግ ሦስት ወር ፈጀብኝ። መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጅራቱ አቧራውን ይጠርጋል፤ ግን አይነሣም። በአዋሽ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በየማለዳው ሲያልፉ ቆም ብለው “ዛሬም አስረኸዋል?” ይሉኛል፥ በአንገቱ ገመድ አለመኖሩን እያዩ። እኔም “በቃል ታስሯል፥ አባባ” እላቸዋለሁ። እርሳቸው ነጠላ ጫማቸውን እያንኳኩ እየሳቁ ይሄዳሉ። መቻልን ነክተውት አያውቁም። ነገር ግን በታመምሁ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቁት “ውሻው በላ?” ብለው ነው።

ወደ ሰመራ የዝውውር ደብዳቤ የደረሰኝ በግንቦት ነው። ግንቦት! የወሩን ስም ሳነብ ያሰብሁት ስለ ራሴ አልነበረም። አንድ ወዳጄ “ለመጋዘን ጠባቂ ስጠው፤ በሰንሰለት ታስሮ ያገለግላል” ሲል መከረኝ። ሰንሰለት ለአንዳንድ ውሻ ሥራ ይሆነው ይሆናል። ከሰው ተለይቶ በሰንሰለት የሚውል ስታፎርድሻየር ግን ወይ ጠባዩ ይከፋል፥ ወይ ከስቶ ያልቃል። ይዤው ብወርድስ?

አንባቢዬ፥ ውሻ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ የሚያልበው በመዳፉ ነው። ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን ጎልጉሎ በማለክለክ ነው። ጡንቻ የበዛበት ውሻ ራሱ ምድጃ ነው፤ አፉ አጠር ያለ ሲሆን ደግሞ ጭስ መውጫው የጠበበ ምድጃ ይሆናል። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከ41 ካለፈ ሞት ቀርቧል። ሰመራ በሰኔ የጥላዋ ሙቀት ከ40 ያልፋል፤ ማለትም አየሩ ከውሻው ይብሳል። የአፋር ፍየል ጠባቂ ውሻ ይህን ያውቃል፤ ቀጭን ነው፥ አፉ ረጅም ነው፥ ቀኑን ከጥላ ሥር ተጋድሞ ሌሊት ሥራውን ይሠራል። ጌታው በቀትር ቢጠራው ምክንያቱን ሳያይ አይነሣም። መቻል ግን እስኪወድቅ ይሮጣል፤ ስለ ጠራሁት ብቻ።

ሌሊት ለመጓዝ ወሰንሁ። ከአዋሽ ሰመራ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም አዋሽ አርባን፥ ገዋኔንና ሚሌን እያለፈ ወደ ሎጊያ ይወርዳል። ዕቃዬን በኪራይ አይሱዙ ጭኜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣን። ገዋኔን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ጎማ ፈነዳ። ስኮርታውም ነፋስ አልነበረውም። ሾፌሩ ጎማውን ይዞ በሚያልፍ መኪና ወደ ጎሚስታ ሄደ፤ እኛ ቀረን። ነጋ። አራት ሰዓት ሲሆን የአይሱዙው ጥላ ከጎማዎቹ ሥር ገብቶ አለቀ። ያን ጊዜ የመቻል ምላስ ጠቆር ያለ ቀይ ሆነ፤ ለሃጩ እንደ ሙጫ ወፈረ፤ ስጠራው ሊመጣ ተነሣና እግሮቹ ተጠላለፉ።

ተሸክሜው ወደ ፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ ሮጥሁ። ከጀሪካኑ ውሃ በሆዱ፥ በብብቱ፥ በአንገቱ ላይ እያፈሰስሁ በካርቶን አራግበው ጀመር። ለራሴ የሚጠጣ ማስቀረቴን አላስታውስም። በዚህ መካከል አንድ የአፋር ፍየል ጠባቂ ከእንስሶቹ ጋር መጣና ራቅ ብሎ ቆመ። በዱላው ከፍ ወዳለው ቦታ እያመለከተ “እዚያ ነፋስ አለ” አለኝ። ወሰድሁት። እርሱም የራሱን ቢጫ ጀሪካን አምጥቶ ከአጠገቤ አስቀመጠና ተመልሶ ራቀ። ከዚያም በቁርጥራጭ አማርኛ “ፍየል የለህም። ይህ ምን ይጠብቃል?” ሲል ጠየቀኝ። “እኔን” አልሁት። ሳቀ። “ዛሬ አንተ ነህ የምትጠብቀው” አለ። መቻል ራሱን ቀና ሲያደርግ አንድ ሰዓት ያህል አልፎ ነበር። ሰውዬውን አይቶ ጅራቱን መሬት ላይ መታ፤ ሊነሣም ሲል “ቁጭ” አልሁት፤ ተቀመጠ።

ሰመራ እንደ ደረስን ለእንስሳት ሐኪም አሳየሁት፤ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ቀናችን ተገልብጧል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ተነሥተን እንሄዳለን፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን እንመለሳለን። ማታ ከመውጣታችን በፊት የእጄን ጀርባ በአስፋልቱ ላይ አሳርፋለሁ፤ እኔ ካልቻልሁት የእርሱ መዳፍም አይችለውም። ቀኑን በሲሚንቶው ወለል ላይ ከቬንትሌተር ሥር ይውላል። መብራት ሲጠፋ እርጥብ ፎጣ ላይ ይተኛል፤ እኔም ለምሳ መጥቼ ፎጣውን አርሳለሁ። ሠርግ፥ ለቅሶ፥ የመስክ ሥራ ሁሉ ከዚህ ጋር ይቈጠራል።

በሰመራም ሆነ በሎጊያ በሥጋ ቤቶች ዙሪያ ባለቤት የሌላቸው ውሾች አሉና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ዝም ብዬ አላልፍም። ቡችላዎን በሦስት ወሩ ያስከትቡ፤ ከዚያም በየዓመቱ። ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ደግሞም በእንግሊዝ አገር ይህን ውሻ “ሞግዚት” ብለው የሚጠሩት ሰዎች አሉ፤ አይመኑዋቸው። ሕፃን ከማንኛውም ውሻ ጋር ብቻውን አይተውም፥ ከመቻልም ጋር ቢሆን።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ “እንደ መቻል ያለ ቡችላ አፈላልግልኝ” ሲል ለመነኝ። ሎጊያ ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ይኖራል፤ ከወሩም አሥራ አምስቱን ቀን በመስክ ነው። ቡችላ አላፈላለግሁለትም። ከመስክ በሚመለስባቸው ቀኖች ማታ ማታ እኔ ቤት እንዲመጣ ነገርሁት። አሁን የባጃጁ ድምፅ ከመታጠፊያው ሲሰማ መቻል ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል፤ በበሩም ፊት፥ በአራት እርምጃ ርቀት፥ እየተንቀጠቀጠ ይቀመጣል።